በአሽዶድ አሸዋ ላይ አመዳይ፦ በሞቃት አገር የበረዶ መንደር ስለ መመሥረት የቀረበ ዳሰሳ

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት፣ በአርሞንኤም ተራራ ላይ አመዳይ በወረደ ማግስት፣ ከሰሜን ወደ ባሕሩ ዳር በሚመለሱት መኪኖች ላይ አንድ የተለመደ ትርኢት ይታያል፤ ይኸውም ልጆች ከተራራው ያፈሱትን በረዶ በሞተሩ ክዳን ላይ ቈልለው፣ የካሮት አፍንጫና የጠጠር ዓይን አበጅተውለት፣ የነጭ ሰው አምሳል አድርገው ወደ ሰፈራቸው ይዘውት መውረዳቸው ነው። ይሁን እንጂ ከተራራው እስከ አሽዶድ ያለው መንገድ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ፣ ከታች የሞተሩ ግለት፣ ከላይ የቈላው አየር እየተጋገዙ ያን እንግዳ በየምዕራፉ ያሳንሱታል፤ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ ሲያልፍ አንገቱ ያዘነብላል፣ በቴል አቪቭ ዙሪያ የመኪና ሰልፍ ሲይዘው ትከሻው ይወርዳል፣ አሽዶድ በደረሰ ጊዜ ግን ልጁ ለእናቱ ሊያሳያት የሚችለው እርጥብ ብረትና አንድ ካሮት ብቻ ነው። በሞቃት አገር የበረዶ መንደር እንሥራ ለሚለው ሐሳብ ይህ የልጆች ጨዋታ በቂ መቅድም ነው፤ በረዶን ማግኘት የሚቻል ነገር ሲሆን፣ ማቆየት ግን ሌላ ጥበብ፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላም ጥያቄ ነውና።

ሐሳቡ በዘመናችን ቀልድ መሆኑ ቀርቷል። በበረሃ ዳር የተቈረቈሩ ታላላቅ ከተሞች፣ ፀሐይ ሬንጁን በምታቀልጥበት ወራት፣ ሕዝባቸውን ወፍራም ካፖርት አልብሰው በሸርተቴ የሚያንሸራትቱባቸውን አዳራሾች ሠርተዋል፤ ሌሎችም ተራራቸውን በሰው ሠራሽ አመዳይ ለማልበስ ዕቅድ አውጥተዋል። በዚህ ዳሰሳ የምናደርገው አንድን የተፈረመ ውል መደገፍ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ ነገሩን ከሥሩ እስከ ጫፉ አይተን፣ በመጨረሻ በአንዲት በምናውቃት ከተማ፣ በአሽዶድ፣ ላይ አስቀምጠን መመዘን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሽዶድ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። መጻሕፍት አዛጦን የሚሏት፣ ታቦተ እግዚአብሔር በፍልስጥኤማውያን ተማርካ ወደ ዳጎን ቤት የገባችባት፣ በሐዋርያት ሥራም እንደ ተጻፈው ፊልጶስ የህንደኬን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ የተገኘባት ጥንታዊት ከተማ ናት። አዲሲቱ አሽዶድ ግን ከጥንቱ ፍርስራሽ ራቅ ብላ በ1956 በአሸዋ ክምር ላይ የተመሠረተች፣ ወደቧን በ1965 የከፈተች፣ ዛሬ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት የባሕር ዳር ከተማ ስትሆን፣ ከነዋሪዎቿም መካከል ከጎንደርና ከሰሜን ተራሮች፣ ከትግራይም የመጡ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። ስለዚህ ነገሩን በእርሷ ላይ ስንመዝን፣ ከአገር ሁሉ ብርዳማ ከሆነው ደጋ የወጣ ሕዝብ በባሕር ወለል ላይ ተቀምጦ ስለ በረዶ ሲጠየቅ ምን ሊመልስ እንደሚገባው አብረን እንመረምራለን ማለት ነው።

ስለ ስሙ

ነገርን ከስሙ መጀመር የቀደሙት መምህራን ልማድ ነውና፣ እኛም ከዚያ እንነሣ። ግእዝ ለሰማይ ብርድ ስም አያጥረውም፤ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እያለ ይለያል። አማርኛችን ሐመዳን አመዳይ ብሎ ቢወርሰውም፣ በዕለት ንግግር ግን ሁሉን በአንድ አቍማዳ ከቶ በረዶ ይለዋል፤ በክረምት ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ የሰብሉን ዛላ የሚመታው ጠጠርም በረዶ ነው፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በብርጭቆ የሚንኳኳውም በረዶ ነው፣ እንደ ጥጥ ብናኝ እየተንሳፈፈ የሚወርደው የባሕር ማዶውም በረዶ ነው። ስኪ የሚባለው ሸርተቴ ግን የሚሻው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አመዳይ በብናኙ መካከል ብዙ አየር የያዘ ስለ ሆነ ከእግር በታች ይለሰልሳል፣ የወደቀውን ሰው አጥንት ያድናል፤ የረጋ በረዶ ግን መስተዋት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አመዳይ ስንል ይህን ነጭና ልስልስ ነገር፣ በረዶ ስንል የረጋውን ውሃ በጠቅላላው ማለታችን ነው።

አመዳይም ለእኛ አገር የተረት ነገር አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ በሰሜን ተራሮች ላይ በዘመተ ጊዜ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ እንዳገኘ ይናገራል። ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ደጀን ዙሪያ ዛሬም አልፎ አልፎ አመዳይ ይታያል፤ በበረዶ ዘመን ደግሞ የሰሜንና የባሌ ተራሮች የበረዶ ክምር ተሸክመው እንደ ነበረ የምድርን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት ከድንጋዩ ፍግፋጊ አንብበዋል። በደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩን ነጭ የሚያደርገውን ውርጭ የማያውቅ ሸዌ የለም። እነሆ ብርድን ፈርቶ በጋቢና በኵበት እሳት የተከላከለ ትውልድ፣ የልጅ ልጁ ብርድን በቲኬት ሊገዛ ገንዘብ ሲለምነው ባየ ጊዜ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ሌሎች ያደረጉት

በሞቃት አገር ብርድን መሻት ግን አዲስ ምኞት አይደለም። የፋርስ ሰዎች በበረሃቸው ወፍራም የጭቃ ጕልላት እያነፁ የክረምቱን በረዶ እስከ በጋ ያቆዩ ነበር፤ የግብፅ መምሉክ ሡልጣኖችም ከሶርያ ተራሮች የተጫነ በረዶ በግመልና በመርከብ እየተቀባበለ ወደ ካይሮ እንዲደርስላቸው ሥርዓት አበጅተው ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የቦስተኑ ነጋዴ የፍሬደሪክ ቱዶር ሥራ ነው፤ ይህ ሰው በ1833 ከአሜሪካ ሐይቆች የተቈረጠ 180 ቶን በረዶ በመርከብ አስጭኖ፣ ወገብ ምድርን ሁለት ጊዜ አሻግሮ፣ ከአራት ወር ጕዞ በኋላ 100 ቶን ያህሉን ሳይቀልጥ ካልካታ አድርሷል። ለዚህ ያበቃው መኪና አልነበረም፤ በረዶውን አጥብቆ መደርደሩና በእንጨት ብናኝ መሸፈኑ እንጂ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ በረዶን ከሞት የሚያድነው ከሚሠራው መሣሪያ ይልቅ የሚለብሰው ልብስ መሆኑን ነው።

በመሣሪያ አመዳይ መሥራት የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950 በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት የስኪ እንጨት የሚሠሩ ሰዎች፣ የታመቀ አየርና ውሃ በአንድ አፍንጫ አስወጥተው ወደ ብርዱ አየር ቢረጩት ነጠብጣቡ መሬት ሳይደርስ ረግቶ እንደሚወርድ አዩ፤ የበረዶ መድፍ የሚባለው መሣሪያ ከዚያ ተወለደ። ዛሬ በቀዝቃዛውም አገር ያለ እርሱ የሚከናወን የስኪ ወቅት ጥቂት ነው፤ በ2022 በቤጂንግ የተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ከሞላ ጐደል በሙሉ የተካሄደው በሰው ሠራሽ አመዳይ ላይ ነበር።

አመዳዩን በቤት ውስጥ ማኖርን በታላቅ ስፋት የሞከሩት ጃፓኖች ናቸው። በ1993 በቶኪዮ አጠገብ በፉናባሺ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተዳፋት የያዘ፣ ከሩቅ ሲያዩት ወደ ሰማይ የተቀሰረ ድልድይ የሚመስል አዳራሽ ከፈቱ፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በ2002 ተዘጋ፣ ፈረሰም፤ በስፍራው ዛሬ የቤት ዕቃ መደብር ቆሟል። ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ዱባይ በአንድ የገበያ አዳራሽ ጐን 22,500 ሜትር ካሬ የሚሰፋ፣ 85 ሜትር ከፍታና 400 ሜትር ርዝመት ያለው የስኪ ቤት ከፈተች፤ እርሱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ካይሮ በ2017፣ አቡ ዳቢ በ2023 ተከተሉ፤ በ2024 ደግሞ ሻንግሃይ 90,000 ሜትር ካሬ የሚደርስ፣ ያን ጊዜ ከዓለም አንደኛ የተባለውን ከፈተች። ሳዑዲ ዓረቢያም ትሮጄና በተባለ ስፍራ፣ በታቡክ ተራሮች ላይ፣ በገላጣ ሰማይ ሥር የሆነ የስኪ መንደር አቅዳ፣ በዚሁ ዕቅድ በ2022 የእስያ የክረምት ጨዋታዎች አስተናጋጅነት ተሰጥቷት ነበር። የፉናባሺው ሲወድቅ የዱባዩ የቆመበትን ምክንያት ለሚመረምር፣ መልሱ ከበረዶው ሳይሆን ከጐረቤቱ ይገኛል፤ የጃፓኑ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ጥቂት ቢጓዝ እውነተኛ አመዳይ የለበሰ ተራራ ያገኛል፤ የዱባዩ ግን ሌላ አማራጭ የለውም፣ አዳራሹም ብቻውን ሳይሆን በገበያው ትርፍ ጥላ ሥር ይኖራል።

በእስራኤል ራሱ ያለውን ብንመለከት፣ አራት ዓይነት መንገድ ተሞክሯል። የመጀመሪያው የተፈጥሮው ነው፤ እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት ከሶርያ በያዘችው፣ ባለቤትነቱም እስከ ዛሬ በሚያከራክረው በጎላን ከፍታ ጫፍ፣ በአርሞንኤም ላይ፣ የኔቬ አቲቭ ሰፈር ሰዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው የሚያስተዳድሩት የስኪ ስፍራ አለ፤ የገመድ ወንበሩ ወደ 2,040 ሜትር ያህል ከፍታ ይደርሳል፣ ወቅቱ ግን ለሰማዩ ፈቃድ የተተወ ነው፤ አንዱ ዓመት ሳምንታት ሲሰጥ ሌላው ቀናት ብቻ ይሰጣል፣ በጦርነት የተዘጋበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው የፕላስቲኩ ነው፤ ዳዊት ጠል እንኳ እንዳይወርድባቸው ባዘነባቸው በጌልቦዔ ተራሮች አጠገብ፣ ያለ አመዳይ፣ በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ የሚንሸራተቱበት ተዳፋት ተሠርቷል። ሦስተኛው በመቱላና በኤላት የተሠሩት የረጋ በረዶ ሜዳዎች ናቸው፤ እነዚህ ለስኪ ሳይሆን ስለታም ጫማ አጥልቀው ለሚንሸራተቱበት ጨዋታ የተዘጋጁ ናቸው። አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ነው፤ በሙቀት ውስጥ አመዳይ የሚሠራ መኪና እዚሁ አገር ተፈልስፎ፣ ለአገሩ ሳይሆን ለአልፕስ ተራሮች ተሽጧል።

አመዳይ እንዴት እንደሚሠራ

ይህን ለመረዳት ሁለት የደጋ ቤት ነገሮች ይበቁናል፤ አንዱ እንስራ ነው፣ ሁለተኛው የባቄላ ድስት።

በጓዳ ጥግ የተቀመጠ የሸክላ እንስራ በጐኑ ያላበዋል፤ ያም ላብ ወደ አየር እየተነነ ሲሄድ ሙቀትን ከውሃው ነጥቆ ይሄዳልና፣ ውስጡ ያለው ውሃ ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የበረዶ መድፍም የሚሠራው በዚህ ነው፤ የተረጨው ነጠብጣብ በከፊል እየተነነ የቀረውን ያረጋዋል። ነገር ግን አየሩ ራሱ ብዙ ርጥበት ከጠጣ ሌላ አይጠጣምና እንስራው ማላቡን ይተዋል፣ መድፉም ይሰንፋል። ስለዚህ የስኪ ሰዎች ተራውን የሙቀት መለኪያ አያምኑም፤ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበትን መለኪያ ያነባሉ፣ እርሱም ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ካልወረደ መድፋቸውን አይከፍቱም። አሽዶድ በነሐሴ ከ30 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ እርጥቡ ጨርቅ እንኳ ከ20 በታች አይወርድም፤ በጥር ሌሊትም ቢሆን ከዜሮ ብዙ ትርቃለች። ስለዚህ በአሽዶድ ሰማይ ሥር መድፍ ተክሎ አመዳይ መጠበቅ፣ በለስ ተክሎ ብርቱካን እንደ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ባቄላው ድስት እንሻገር። በደብረ ብርሃን ባቄላ ያበሰለች ሴት ሁሉ ምጽዋ ካለች እኅቷ ይልቅ ብዙ ማገዶ እንደምትፈጅ ታውቃለች፤ ምክንያቱም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ክብደት ይቀልላልና፣ ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ገደማ ይንተከተካል፣ ባቄላውም በለዘዘ ፍልታ ይጕላላል። እንግዲህ ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ብንገፋው፣ ማለትም ውሃውን በተዘጋ ጋን አኑረን አየሩን በመሳቢያ እየሳብን፣ በውስጡ የሚቀረውን ክብደት ከባሕር ዳሩ አየር 160 እጅ አንዱን ያህል ብናደርገው፣ ውሃው በዜሮ ዲግሪ ይፈላል። መፍላት ደግሞ ሙቀት መንጠቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን ሰባት ኪሎ ያህሉን ለማርጋት የሚበቃ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ጋን ውስጥ ውሃው በአንድ ጊዜ እየፈላም እየረጋም ይታያል፤ የውሃ ባሕርይ ቈሪርና ርጡብ ነው ብለው ያስተማሩት አበው ይህን ቢያዩ ኖሮ ለሐተታቸው መልካም ምሳሌ በሆናቸው ነበር። የውጭው አየር 30 ዲግሪ ቢሆንም ለጋኑ ግድ አይሰጠውም።

የዚህ ጥበብ መነሻ ግን ጨዋታ አልነበረም፤ ጥም ነበር። የባሕር ውሃ ሲረጋ ብናኙ ጨውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በረዶው ታጥቦ ቢቀልጥ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል። አሌክሳንደር ዛርኪን የተባለው የእስራኤል ኬሚስት ይህን መሠረት አድርጎ የባሕር ውሃን በባዶ ጋን እያረጋ የሚያጣፍጥ መሣሪያ አሰበ፤ መንግሥቱም ደግፎት በ1960ዎቹ በኤላት ተሠራ፣ አይ ዲ ኢ የተባለውም ኩባንያ ለዚሁ ሥራ በ1965 ተቋቋመ። መንገዱ ከወጪው ብዛት የተነሣ በሌሎች ዘዴዎች ተተካ፤ የባዶው ጋን ጥበብ ግን አልሞተም። በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ጕድጓዶችን ለማቀዝቀዝ በረዶ መሥሪያ ሆነ፤ በ2008 ገደማ ደግሞ በስዊዘርላንድ በዘርማት፣ ቀጥሎም በኦስትሪያ በፒትስታል፣ የበረዶ ክምራቸው እየሳሳ በመጣባቸው ተራሮች ላይ አመዳይ መሥሪያ ሆኖ ተተከለ። የሜዲትራንያን ዳር ሕዝብ ጥሙን ሊያረካ የፈለሰፈው ነገር፣ ለአልፕስ ሰዎች ነጭ ምንጣፍ ሆነላቸው ማለት ነው።

በአሽዶድ ሚዛን

እንግዲህ ነገሩን በአሽዶድ ላይ እናስቀምጠው። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው፤ ውሃ በሚጠማት አገር በረዶ መሥራት ኀጢአት አይሆንምን? ይላል። ቍጥሩ ግን ሌላ ይመሰክራል። ከ2015 ጀምሮ በአሽዶድ የሚሠራው የባሕር ውሃ ማጣፈጫ በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማውጣት ዐቅም አለው፤ ይህ በሰዓት ከ11,000 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ለአንድ ታላቅ አዳራሽ 6,000 ቶን አመዳይ ያስፈልጋል ብንል፣ ይህ የማጣፈጫው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አመዳዩ ቢቀልጥም ውሃው አይጠፋም፤ ተሰብስቦ ይመለሳል። ስለዚህ የውሃው ክስ ወድቋል።

የኀይሉ ክስ ግን ቆሟል። አንድ ቶን የባሕር ውሃ ከጨው ለመለየት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃል፤ ያንኑ ውሃ ከ25 ዲግሪ አውርዶ ለማርጋት ግን 120 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መውጣት አለበት፤ ማቀዝቀዣው በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት ያወጣል ብንል እንኳ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በአጭሩ፣ ባሕርን ማጣፈጥ ከሚጠይቀው ይልቅ ማርጋት ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። በእስራኤል አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝ ነውና፣ ከባሕሩ ሥር ወጥቶ በአሽዶድ ዳርቻ በኩል ወደ አገር የሚገባው ጋዝ እየነደደ ብርድ ይሆናል ማለት ነው።

ይህም የመሥሪያው ብቻ ነው፤ የማቆያው ገና ነው። በዚህ ላይ ብዙዎች የሚፈሩት ፀሐይን ነው፤ ፀሐይን ግን ወፍራም ግድግዳ ይከለክላታል፣ የቱዶር የእንጨት ብናኝ እንኳ ከልክሏታል። የአሽዶድ እውነተኛ ጠላት ርጥበቷ ነው። በነሐሴ ምሽት ከባሕሩ የሚነሣው አየር፣ አንድ ሰፊ ሳሎን የሚይዘው ያህሉ ብቻ፣ አንድ ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት ተሸክሟል፤ ያ አየር በተከፈተ በር ገብቶ በአመዳዩ ላይ ጠል ሆኖ ቢያርፍ፣ ቀደም ሲል ያየነው ሒሳብ ተገልብጦ ይመጣል፤ አንድ ኪሎ እንፋሎት ሰባት ኪሎ አመዳይ ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ይጥላል። የበሩ ጠባቂ አንድ ጊዜ ቢዘናጋ የልጆች መጫወቻ ቁልል ይሄዳል። ስለዚህ ከአሽዶድ ይልቅ የደረቀ ደጋ ወይም የደረቀ በረሃ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የባሕር ዳር ከተማ ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ ስፍራ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ፤ የስኪ ቤት ሥዕል የሚሥሉ ሁሉ የማይሥሉት ነገር። ብርድ አይሠራም። ሰው የሚሠራው ብርድ የለም፤ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ማጋዝ ብቻ ነው ያለው። በማቀዝቀዣው ጀርባ እጁን ያኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ የወተቱ ሙቀት ከነሞተሩ ድካም እዚያ ይወጣል። እንደዚሁ የአዳራሹ ሙቀት ሁሉ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ የሚያመጣው ሙቀት ተጨምሮበት፣ በጣሪያው ወይም በጓሮው በኩል ወደ ውጭ ይተፋል። በውስጥ ያለው ልጅ ብርድ ሲመታው፣ በውጭ ያለችው አያት ደግሞ በረንዳዋ ላይ ወበቁ ይጨምርባታል። የሙቀቱ መጠን ከሰፈሩ ስፋት ጋር ሲታይ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ባሕሩ በቧንቧ ቢወሰድ ደግሞ ከሰው ይርቃል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ መድረሱ አይቀርም፣ ያም ቦታ በዕቅዱ መጀመሪያ ካልተመረጠ፣ በልማድ እንደሚሆነው፣ ድምፃቸው ወደማይሰማ ሰዎች መስኮት ይዞራል።

ስለ ሰዎቹ

የዚህ ነገር ደጋፊዎች የሚያነሡት ጥሩ ክርክር አለ፤ በቸልታ ልናልፈው አይገባንም። ስፖርት የተወለዱበትን የአየር ጠባይ አይጠይቅም ይላሉ። ምስክራቸውም ከእኛው ወገን ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር፣ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ በመወዳደር የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊያችን ሆኗል፤ አመዳይ ባልነበረበትም ጊዜ ጐማ የተገጠመለት ስኪ አጥልቆ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ይህ ሰው በራሱ ጥረት ያደረገውን አንድ አዳራሽ ለመቶ ልጆች ቢያደርግላቸው ምን ይከፋል? የኢትዮጵያ ልጆች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ያለ ወጣት፣ ወላጆቹ ወደ አርሞንኤም የሚወስድ መኪና ባይኖራቸውም እንኳ፣ በከተማው አውቶቡስ ደርሶ ቢንሸራተት ደስታ አይደለምን?

ደስታ ነው። ይሁን እንጂ የሮቤል ታሪክ ራሱ ሁለት ገጽ አለው፤ እርሱ የሚያስተምረን አዳራሽ እንደሚያስፈልግ ሳይሆን፣ ጐማና አስፋልት ለልምምድ እንደሚበቁ ነው። ደግሞም እስከ አሁን በየአገሩ ካየናቸው አዳራሾች አብዛኞቹ በገበያ ቤት ጐን የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርዱ በየሰዓቱ ይከፈልበታልና፣ ቲኬቱም፣ የካፖርቱ ኪራይም፣ የጫማውም፣ የአስተማሪውም ዋጋ ተደምሮ የሚመጣው በወደብ ላይ ዕቃ ከሚያወርድ አባት ኪስ ሳይሆን ከጐብኚ ኪስ ነው። ለሰፈሩ ልጅ የታሰበ ከሆነ፣ ለሰፈሩ ልጅ የሚሆን የተለየ ዋጋና የተለየ ሰዓት በውሉ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ በመክፈቻው ቀን ንግግር ውስጥ ብቻ ሳይሆን።

ፍርዱ

እንግዲህ ሁሉን ባየን ጊዜ የምንደርስበት ይህ ነው። በአሽዶድ ሰማይ ሥር የተዘረጋ የስኪ ተራራ በተፈጥሮ ሕግ የተከለከለ ነው። የባዶው ጋን መሣሪያ በሙቀት ውስጥም አመዳዩን ይሠራዋል፤ ነገር ግን በተሠራ በማግስቱ የባሕሩ አየር ይበላዋል፤ ስለዚህ ያለ አዳራሽ ነገር የለም። ታላቅ አዳራሽ ይቻላል፤ ውሃው አያሳስብም፣ ኀይሉ ግን ያሳስባል፣ የፉናባሺው ፍጻሜም ይታወሳል፤ ምክንያቱም ከአሽዶድም ጥቂት ሰዓት ነድቶ እውነተኛ አመዳይ የሚያይ ሕዝብ አለና። ትንሽ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ በሩ ድርብ የሆነ፣ ጣሪያው የፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ሙቀቱም ወደ መዋኛ ውሃ ወይም ወደ ገላ መታጠቢያ የሚገባ የልጆች ቤት ግን በሚዛኑ ላይ ቆሞ ሊታይ የሚችል ነው፤ ከቤቱ ጀርባ የሚወጣው ሙቀት ሥራ ካገኘ ብርዱ ግማሽ ኀጢአቱ ይሰረይለታልና።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን በከተማው አዳራሽ ውስጥ ነጭ ተዳፋትና ቀይ ካፖርት የለበሱ ልጆች የተሣሉበት የሚያምር ዕቅድ ሲዘረጉልህ፣ በፊት ለፊቱ በር አትደነቅ፤ ወረቀቱን ገልብጠህ ሙቀቱ የሚወጣበት የጓሮው በር በማን መስኮት ፊት እንደ ተሣለ ጠይቅ።